ያልተጠየቀ ሰርቨር ምን ይናገራል? የአንድ ነባሪ ቅንብር የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 2018 ዓ.ም.፣ መጀመሪያ

የምንሠራው ሶፍትዌር ትንሽ ነው። ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት በራሳቸው ግቢ ውስጥ መጽሐፍ፣ የትምህርት ማስታወሻና የቆዩ የፈተና ወረቀቶችን የሚያከፋፍሉበት ክፍት ምንጭ ሰርቨር ነው። ጎ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፏል፣ መረጃውን በፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ ያስቀምጣል፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም በግቢው ኔትወርክ ላይ ሥራውን ይቀጥላል። ማን እንደጫነው አናውቅም። የሚያወርደው ሰው ስሙን አይሰጥም፤ እኛም አንጠይቅም።

አሁን ግን ልናውቀው የሚገባ ነገር መጣ። የፖስትግሬስኪውኤል 13ኛ ስሪት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 የወጣ ነው። እያንዳንዱ ዋና ስሪት የሚደገፈው ለአምስት ዓመት ያህል በመሆኑ፣ በዚህ ኅዳር የመጨረሻው ማስተካከያ ወጥቶለት ይዘጋል። በሚቀጥለው ዋና ስሪታችን ከ13 ጋር መሥራቱን ብንተው ብዙ ኮድ ይቀልልናል። ነገር ግን ስንት ቤተ መጻሕፍት ዛሬም በ13 ላይ እንዳሉ የሚነግረን የለም። ከዚህ ጥያቄ ነው ሐሳቡ የተነሣው፦ ሰርቨሩ በየሳምንቱ ስለ ራሱ አጭር ሪፖርት ይላክልን። ሪፖርቱን መሥራትና ነባሪ ቅንብሩን መምረጥ ለእኔ ተሰጠኝ። መሥራቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ፣ ማንም ምንም ሳይነካ ሲቀር ሰርቨሩ ምን ያድርግ የሚለው ነው።

ባልደረቦቼ በሁለት ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን «ነባሪው ክፍት ይሁን፣ የማይፈልግ ይዝጋው» ይላል፤ ካልሆነ ቁጥሩ ከንቱ ይሆናል ባይ ነው። ይህን ክርክር በቁም ነገር ልመልሰው ይገባል፤ ነባሪ ቅንብር ብርቱ ጉልበት አለውና። ጆንሰንና ጎልድስቲን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 የአካል ክፍል ልገሳን በሚመለከት ያወጡት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ፈቃደኛ የሆነ ሰው ራሱ መመዝገብ በነበረባት በጀርመን ለጋሽ ሆኖ የተቆጠረው 12 በመቶው ብቻ ነበር። ዝም ያለ ሁሉ እንደ ፈቀደ በሚቆጠርባት በኦስትሪያ ደግሞ 99.98 በመቶ። ሁለቱ አገሮች ድንበርተኞች ናቸው፣ ቋንቋቸውም አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ቅጹ ነው።

ክፍት ነባሪን የሚደግፉት ባልደረቦቼ ይህን ጥናት ለራሳቸው ማስረጃ ያደርጉታል። እኔ ተቃራኒውን አነበብሁበት። 99.98 ስለ ኦስትሪያውያን ልብ ምንም አይነግረኝም። የእኛም ሰርቨር በነባሪ ክፍት ሆኖ ሪፖርት ቢልክልን፣ የምንቆጥረው የቅንብር ፋይሉን ያላነበቡትን ሰዎች ነው። እነርሱን «ፈቅደዋል» ማለት ደግሞ ያልተባለውን እንደተባለ መመዝገብ ነው።

መስከረም አጋማሽ

ሌሎች ምን እንደመረጡ ስመለከት ሰነበትሁ። ሁሉም የሰው ሰርቨር ላይ የሚጫኑ ናቸው፣ ምርጫቸው ግን ተራርቋል።

የመለኪያ ሰሌዳዎችን የሚያሳየው ግራፋና ሲጫን ሪፖርቱ ክፍት ነው፤ በየ24 ሰዓቱ የስሪት ቁጥርና ጥቅል ቆጠራ ይልካል፣ በቅንብር ፋይሉ አንድ መስመር ይዘጋል። ኮድን በራሱ የሚገነባውና የሚፈትነው ጀንኪንስም በነባሪ ይልካል። የሰርቨርን ጤና የሚከታተለው ኔትዴታም ክፍት ነው፤ ለመዝጋት ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ በተወሰነ ስም አንድ ባዶ ፋይል በማውጫው ውስጥ መፍጠር ነው፣ አለዚያም «ዱ ኖት ትራክ» (አትከታተለኝ) የተባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ፣ ማለትም ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያዩትን የሲስተም ቅንብር፣ 1 ማድረግ ይበቃል። ይህን ተለዋዋጭ እኛም እናከብራለን፤ አስተዳዳሪው አንድ ጊዜ ተናግሮ ሁሉም ፕሮግራም ቢሰማው ተገቢ ነው። ማሪያዲቢ የተባለው ዳታቤዝ በአንጻሩ የአስተያየት መላኪያ ተሰኪው (ተጨማሪ ክፍሉ) በነባሪ ዝግ ነው፣ የፈለገ ይከፍተዋል።

ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከሁሉም በዕድሜ ይቀድማል። ሲጫን የትኞቹ የሶፍትዌር ጥቅሎች ጥቅም ላይ እንደሚውሉ በየሳምንቱ ሪፖርት ይላክ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቃል፤ ጠቋሚው የሚቆመው «አይ» ላይ ነው። ቸኩሎ የመግቢያ ቁልፍ የሚጫን ሰው ሳያውቅ እምቢ ይላል እንጂ ሳያውቅ አይፈቅድም። ይህን አቅጣጫ ወደድሁት። ከሁለቱ ስሕተቶች የሚቀለው የትኛው እንደሆነ የወሰነ ሰው ያስቀመጠው ነባሪ ነው።

የማትሪክስ መልእክት ሰርቨር የሆነው ሲናፕስ ደግሞ ነባሪ የሚባል ነገር አላስቀመጠም። የቅንብር ፋይሉን ሲያመነጭ «አዎ» ወይም «አይ» የሚል ቃል ከአስተዳዳሪው ይጠብቃል፤ ካልተነገረው ፋይሉን አይሠራም። ሐቀኛ መንገድ ነው። ለእኛ ግን አይመችም፤ ብዙዎቹ ሰርቨሮቻችን አንዱ ከሌላው በተቀበለው የዶከር ፋይል፣ ማለትም ሰርቨሩን ከነቅንብሩ በሚተክል የመመሪያ ፋይል፣ የሚተከሉ ናቸው። አንድ ሰው «አዎ» ብሎ የጻፈው ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የእርሱ ፈቃድ የሌሎች ሁሉ ፈቃድ ይሆናል።

ፋይሎችን በኮምፒውተሮች መካከል የሚያመሳስለው ሲንክቲንግ ልቤን ነካው። በመጀመሪያው ሰዓት ምንም አይጠይቅም። ጥቂት ከሠራ በኋላ ይጠይቃል፣ የሚላከውንም ጽሑፍ እንዳለ ያሳያል። ከሁሉ የበለጠው ግን መልሱን የሚያስቀምጥበት መንገድ ነው። ዜሮ ማለት «ገና አልተወሰነም» ነው። አሉታዊ 1 ማለት «አይ»። ከዜሮ በላይ የሆነ ቁጥር ደግሞ የፈቀዱትን የሪፖርት ስሪት ያመለክታል። የሪፖርቱ ይዘት ቢሰፋ የቀድሞው ፈቃድ አብሮ አይሰፋም፤ ሰውየው እንደገና ይጠየቃል። ፈቃድ ለታየው ነገር ብቻ የተሰጠ መሆኑን በአንድ ሙሉ ቁጥር ውስጥ አስቀምጠውታል። እኛም ይህንኑ እንወስዳለን።

መስከረም መጨረሻ

የጎ ቋንቋ ታሪክ ለብቻው ሊጻፍ ይገባዋል፤ የእኛን ክርክር በትልቁ አካሂደውታልና።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ከጎ ቋንቋ ሠሪዎች አንዱ የሆነው ራስ ኮክስ የጎ መሣሪያዎች የአጠቃቀም ቆጠራ እንዲልኩ ሐሳብ አቀረበ። ዲዛይኑ በጣም የታሰበበት ነበር፦ ቆጠራው በተጠቃሚው ዲስክ ላይ ይቀመጣል፣ የሚላከው በሳምንት አንዴ ነው፣ መለያ ቁጥር የለውም፣ የሚቆጠረው ነገር ዝርዝር ለሁሉም ይታያል፣ የተሰበሰበውም ለሕዝብ ይወጣል። ነባሪው ግን ክፍት ነበር። ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ ነባሪው ተቀየረ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 በወጣው ጎ 1.23 ላይ ቆጠራው በኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጣል፣ ባለቤቱ «ክፈት» ካላለ ግን ከቤት አይወጣም።

ከዚህ ታሪክ የያዝሁት አንድ ነገር አለ። ጥንቃቄ የተሞላበት ዲዛይን የነባሪውን ጥያቄ አይመልስም። ምን ያህል ጥቂት እንደምንወስድ አንድ ጉዳይ ነው፤ ለመውሰድ መጠየቃችን ሌላ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያው ላይ በርትተን መሥራታችን ከሁለተኛው ነጻ አያወጣንም።

የኮድ ማስቀመጫ መድረክ የሆነው ጊትላብም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 የሦስተኛ ወገን መከታተያ በምርቶቹ ውስጥ እንደሚያስገባ አስታውቆ፣ ተጠቃሚዎች ሲቃወሙ በዚያው ወር ውስጥ ሐሳቡን ቀይሯል። ሰርቨራቸውን በራሳቸው ማሽን ላይ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ይህን የመረጡበት ምክንያት አላቸው፤ ያ ምክንያት ብዙ ጊዜ ውሂቡ ከግቢው እንዳይወጣ ነው።

ሕጉንም አየሁት፣ በአጭሩ። ጀርመን የሚኖረው ባልደረባችን የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ፕላኔት49 በተባለው ጉዳይ የሰጠውን ውሳኔ አስታወሰን፤ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥን ፈቃድ ተብሎ አይቆጠርም። በእኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሪፖርታችን የግል ዳታ እንዳይዝ አድርገን እንሠራዋለን። ግን ማንኛውም ሪፖርት በአይፒ አድራሻ (በላኪው የኢንተርኔት አድራሻ) ላይ ተሳፍሮ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ሕጉ አይመለከተንም ብሎ መዝጋት አይቻልም።

ጥቅምት መጀመሪያ

ሰርቨራችንን በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድሩ እናት ጋር በስልክ ተነጋገርሁ። ረጅም ዓመት በሙያው የቆዩ ናቸው። ምን እንደምንሠራ አስረድቼ «እርስዎ ቢሆኑ ይፈቅዱ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ እኔ ለራሴ ብሆን ችግር የለብኝም» አሉኝ። «ይህ ሰርቨር ግን የእኔ አይደለም። የተማሪዎቹ ነው፣ የኮሌጁ ነው። እኔ ቁልፍ ያዥ ነኝ። ስንት ተማሪ እንደገባ ወደ ውጭ ልንገር ብል ማንን አስፈቅጄ ነው?»

ቀጥለውም ነገሩን ወደ ገንዘብ አመጡት። ኢንተርኔታቸው በፓኬጅ ይገዛል። ትንሽም ብትሆን ሳያውቁት የምትወጣ ነገር ካለች ሊያውቁ ይፈልጋሉ፤ መስመሩ ሲደክም መጀመሪያ የሚጠየቁት እርሳቸው ናቸውና።

ይህ ንግግር ሥራውን ቀየረው። በግል ኮምፒውተር ላይ የሚፈቅደውና መረጃው የሚወጣበት ሰው አንድ ነው። በሰርቨር ላይ ግን አስተዳዳሪው ለሌሎች ይፈቅዳል። ስለዚህ አስተዳዳሪው ሊፈቅድ የሚችለው ስለ ማሽኑ ብቻ ነው፤ በማሽኑ ላይ ስላሉት ሰዎች አይደለም። ከሪፖርቱ ረቂቅ ላይ የዕለት ተጠቃሚዎችን ቁጥር፣ የተከፈቱ ሰነዶችን ቁጥርና ብዙ የሚፈለጉ የትምህርት ዓይነቶችን ሰረዝሁ። የመጨረሻው በጣም ያጓጓ ነበር፤ ለሶፍትዌሩ ሳይሆን ለእኛ የማወቅ ፍላጎት ግን ነው።

ጥቅምት አጋማሽ

የሪፖርቱ ይዘት ላይ ሠራሁ። የቀረው ይህ ነው፦ የሶፍትዌራችን ስሪት፣ የዳታቤዙ ዋና ስሪት፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቤተሰብ፣ የፕሮሰሰሩ ዓይነት፣ የተመዘገቡ አካውንቶች ብዛት በደረጃ (ከ50 በታች፣ ከ50 እስከ 500፣ ከ500 በላይ)፣ እና የሪፖርቱ ስሪት ቁጥር። ሁሉም ተጠቃልሎ ከአንድ አጭር የስልክ መልእክት ብዙ አይበልጥም።

መለያ ቁጥር ይኑረው አይኑረው የሚለው ብዙ አከራከረን። የተለመደው መንገድ ሰርቨሩ ሲጫን በዕጣ አንድ ረጅም ቁጥር ማውጣትና ሁልጊዜ አብሮ መላክ ነው፤ አንዱን ሰርቨር ሁለቴ እንዳንቆጥር። ነገር ግን ያ ቁጥር ለዓመታት አይለወጥም። ስም ባይሆንም የስምን ሥራ ይሠራል፤ መቼ እንደተጫነ፣ መቼ እንደጠፋ፣ መቼ ወደ ሌላ ኔትወርክ እንደተዛወረ ይናገራል። ድርብ ቆጠራን ለመከላከል ደግሞ አያስፈልግም። አንድ ሰርቨር በሳምንት አንዴ ብቻ ከላከ፣ የሳምንቱ ሪፖርቶች ብዛት የሰርቨሮቹ ብዛት ነው። የምናጣው ሰርቨሮችን በጊዜ ውስጥ የመከታተል ችሎታን ነው፤ እርሱን አልፈለግነውም።

ለሙከራ ተጭነው በዚያው ቀን የሚጠፉ የዶከር ሳጥኖች ቁጥሩን እንዳያበላሹ፣ ማንኛውም ሰርቨር ሰባት ቀን ሳይሞላው አይልክም። ሁሉም ሰኞ እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥተው ተቀባዩን እንዳያጨናንቁት ደግሞ በሳምንቱ 168 ሰዓታት ውስጥ በዕጣ ይበተናሉ። ኢንተርኔት ከሌለ ሪፖርቱ ይጣላል፤ አይጠራቀምም፣ ደጋግሞ አይሞክርም። አምስት ሰከንድ ጠብቆ መልስ ካላገኘ ይተዋል። የሰርቨሩ መነሣት በዚህ ምክንያት ለአንድ ቅጽበት እንኳ አይዘገይም።

አገር የሚለውን መስክ ለማስገባት የተከራከሩ ነበሩ፤ የት እንደምንጠቀም ብናውቅ የትርጉም ሥራውን ለማስቀደም ይረዳል አሉ። እኔ ተቃወምሁ። የመረጃ ግላዊነት ተመራማሪዋ ላታንያ ስዊኒ የፖስታ ቁጥር፣ የልደት ቀንና ጾታ ብቻ ተጣምረው ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶውን ለይተው ሊያመለክቱ እንደሚችሉ ካሳየች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል። እያንዳንዱ መስክ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ሲጣመሩ ነው የሚናገሩት። በአንድ አገር ውስጥ ከ500 በላይ አካውንት ያለው፣ በአርም ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራ፣ በፖስትግሬስኪውኤል 13 ላይ የቀረ ሰርቨር አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያን ሰርቨር ለዓለም «ድጋፍ በሌለው ዳታቤዝ ላይ ነው ያለው» ብሎ ማውጣት ለአጥቂ አድራሻ እንደመስጠት ነው። አገር ወጣ። በሚታተመው ሠንጠረዥም ከአምስት ሰርቨር በታች የሆነ ረድፍ አይታይም።

ጥቅምት መጨረሻ

ወደ ቁጥሩ ጥያቄ ተመለስሁ፤ ክፍት ነባሪን የሚደግፉት ብርቱ ነጥባቸው እዚህ ላይ ነው።

በዕጣ የተመረጡ 1,067 ሰርቨሮች ቢመልሱልን፣ የሰርቨሮቹ ጠቅላላ ብዛት ምንም ይሁን፣ ድርሻን በ95 በመቶ እርግጠኝነት በ3 የመቶኛ ነጥብ ልዩነት ውስጥ መገመት ይቻላል። «በዕጣ የተመረጡ» የምትለዋ ግን ነገሩን ሁሉ ተሸክማለች። ፈቅደው የሚልኩት በዕጣ የተመረጡ አይደሉም። የአስተዳዳሪ ገጻቸውን የሚከፍቱ፣ ኢንተርኔት የማይቋረጥባቸው፣ ለሶፍትዌሩ ልብ ያላቸው ናቸው፤ ምናልባትም ዳታቤዛቸውን በጊዜ የሚያሻሽሉ። በ13 ላይ የቀሩት ደግሞ ለሪፖርቱም ሩቅ ይሆናሉ። ስለዚህ በፈቃድ ከሚመጣ ሪፖርት «10 በመቶው በ13 ላይ ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሊወጣ አይገባም። ሊወጣ የሚችለው «በ13 ላይ ያሉ ሰርቨሮች አሉ» የሚለው ነው።

ክፍት ነባሪ ግን ይህን ይፈታዋል? ለእኛ አይፈታውም። ከሚያመልጡን ሰርቨሮች ብዙዎቹ የሚያመልጡን በቅንብር ምክንያት አይደለም፤ ኢንተርኔት ስለሌላቸው ነው። በግቢ ኔትወርክ ላይ ብቻ የሚኖር ሰርቨር ነባሪው ክፍትም ቢሆን ዝግም ቢሆን ከእኛ አይደርስም። በክፍት ነባሪ የምናገኘው የበለጠ ብዙ ቁጥር ነው፤ ያው አንድ ወገን ያዘነበለ።

ይህን ስጽፍ ነው ጥያቄው ራሱ የተገለበጠልኝ። ስንት ሰርቨር በ13 ላይ እንዳለ ለማወቅ የፈለግነው ለምንድን ነው? በሚቀጥለው ስሪት የሚሰበርበት ሰው እንዳይኖር ነው። እንዲህ ከሆነ ሊነገረው የሚገባው እኛ አይደለንም፤ የዚያ ሰርቨር አስተዳዳሪ ነው። ሰርቨሩ ደግሞ ከእርሱ ጋር ለመነጋገር ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ዳታቤዙ የትኛው ስሪት እንደሆነ ያውቃል። የየስሪቱን የድጋፍ ማብቂያ ቀን የያዘች ትንሽ ሠንጠረዥ ከሶፍትዌሩ ጋር ብናሽግ፣ በአስተዳዳሪው ገጽ ላይ «ዳታቤዝዎ ፖስትግሬስኪውኤል 13 ነው፤ ድጋፉ በኅዳር 2018 ያበቃል፤ የሚቀጥለው ዋና ስሪታችን በዚህ ላይ አይነሣም፤ እንዴት እንደሚያሻሽሉ እነሆ» ብሎ መጻፍ ይችላል። ማሻሻያውን ራሱን ሊጭኑ ሲሉም ዳታቤዙን አስቀድሞ ፈትሾ ምንም ሳይነካ ይቆማል።

ይህን ክፍል ከሪፖርቱ በፊት ሠራሁት። ሪፖርት ልኮ የሚረዳውም ሆነ ፈጽሞ የማይልከው እኩል ይጠቀምበታል። ከዚያ በኋላ የቀሩትን የሪፖርቱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ በዚህ መስፈርት ፈተንኋቸው፦ ይህን ማወቅ ያለበት ማን ነው? ብዙው ወደ አስተዳዳሪው ገጽ ሄደ። ዲስክ ሊሞላ ነው፣ ምትኬ ከተወሰደ ወር አልፎታል፣ የሰርቨሩ የደኅንነት ምስክር ወረቀት ሊያበቃ ነው፤ እነዚህ ሁሉ ለእኛ «መለኪያ» ተብለው ታቅደው ነበር፣ ለአስተዳዳሪው ግን የዛሬ ሥራ ናቸው።

ኅዳር መጀመሪያ

ስለ ነባሪ ሪፖርት ሲወራ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይዘለላል፤ የማሻሻያ ፍተሻ። «አዲስ ስሪት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰርቨር በጥያቄው ውስጥ ስለ ራሱ ይናገራል። የድረ ገጽ መሥሪያውን ዎርድፕረስን ብንወስድ፣ ወደ ማዕከሉ በሚልከው ጥያቄ ላይ የራሱ ስሪትና የድረ ገጹ አድራሻ ተጽፈው ይሄዳሉ። ስም አውጥተን «ሪፖርት» ያልነውን ዘግተን፣ ይህን ከፍተን ብንተው ነባሪያችን ዝግ ነው ማለት አንችልም።

የእኛን እንዲህ አደረግሁት። ሰርቨሩ አዲሱ ስሪት የተጻፈበትን አንድ ፋይል ያወርዳል፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ንጽጽሩን በራሱ ውስጥ ይሠራል። በጥያቄው ላይ የስሪት ቁጥር የለም።

ይህም ሆኖ አይፒው ይታያል፣ ከዚያም በፊት የጎራ ስሙ፣ ማለትም የተቀባዩ የኢንተርኔት ስም፣ ወደ አድራሻ እንዲፈታ ይጠየቃል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። ሰርቨሩ የተቀባዩን አድራሻ ገና ሲፈልግ፣ ምንም ሳይልክ፣ የጎራ ስም ፈቺው ማን ምን ሶፍትዌር እንደሚያስኬድ ያውቃል። ስለዚህ «ዝግ» ሲባል ስሙም መጠየቅ የለበትም። ይህን የሚያረጋግጥ ሙከራ ጻፍሁ፦ ሰርቨሩ በነባሪ ቅንብሩ በተነጠለ ኔትወርክ ውስጥ ይነሣል፣ ሰዓቱ ወደፊት እየተገፋ ሳምንታት እንዳለፉ ይደረጋል፣ ቲሲፒደምፕ የተባለው የኔትወርክ መቅጃ የሚወጣውን ሁሉ ይመዘግባል። ወደ ውጭ አንዲት የውሂብ ጥቅል እንኳ ብትወጣ ሙከራው ይወድቃል፣ ኮዱም ከዋናው ጋር አይዋሃድም። ቃል በሰነድ ላይ ብቻ ከተጻፈ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ተሰኪ ያስገባ ሰው ሳያውቅ ሊሽረው ይችላል። ሙከራው ያኔም ይከለክለዋል።

ታዲያ የማሻሻያ ፍተሻውም በነባሪ ይዘጋ? ብርቱ ክርክር የነበረው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም በልቤ ተከራክሬበታለሁ። የደኅንነት ቀዳዳ ያለበት ሰርቨር ሳይሻሻል ቢቀር የሚጎዱት እነዚያው ተማሪዎች ናቸው። መፍትሔው ከጥቅምት መጨረሻው ሐሳብ ወጣ። እያንዳንዱ ስሪት የተሠራበትን ቀን በውስጡ ይዟል። ስድስት ወር ሲያልፈው፣ ኢንተርኔት ሳይነካ፣ ለአስተዳዳሪው «ይህ ስሪት አርጅቷል፤ አዲስ መኖሩን ይመልከቱ» ይለዋል። በየቀኑ ከሚደረግ ፍተሻ ያነሰ ነው፤ አልክደውም። ፍተሻው ራሱ በገጹ ላይ ለብቻው ይጠየቃል፣ ከሪፖርቱ ጋር አይጣበቅም፤ ማሻሻያ የፈለገ ሰው ሪፖርት ለመላክ መገደድ የለበትም።

አንድ ዝርዝር ነገር ጊዜ ወሰደ። የእናት ሰሌዳ ባትሪያቸው ያለቀ አሮጌ ማሽኖች መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓታቸው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ. 1970 ላይ ይነሣሉ። ሰዓቱ ሶፍትዌሩ ከተሠራበት ቀን በፊት ከሆነ ማስጠንቀቂያው ስለ ስሪቱ ሳይሆን ስለ ሰዓቱ እንዲሆን አደረግሁ።

ኅዳር መጨረሻ

የጥያቄው ገጽ። የመጨረሻ ውሳኔዎቹን እዚህ አኖራለሁ፤ ለምን እንዲህ ሆነ የሚል ሰው ሲመጣ እንዲያገኛቸው።

ቅንብሩ ሦስት ሁኔታ አለው፦ አልተጠየቀም፣ አይ፣ አዎ ከነስሪቱ። አልተጠየቀም ማለት በሁሉም ረገድ ከ«አይ» ጋር አንድ ነው፤ የሚለያየው ጥያቄው ሊቀርብ መቻሉ ብቻ ነው። ጥያቄው በተከላ ጊዜ አይቀርብም። አስተዳዳሪ በዚያ ሰዓት አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ ሰርቨሩ እንዲነሣ። ከሰባት ቀን በኋላ በአስተዳዳሪው ገጽ ላይ ይታያል፣ በመስኮት አይዘልም፣ ሥራ አያቋርጥም። ከላይ የሚላከው ጽሑፍ እንዳለ፣ ከራሱ ሰርቨር የተወሰደው እውነተኛ ዋጋ ተሞልቶበት ይታያል። ከሥር ሁለት አዝራሮች፣ እኩል መጠን፣ አንድ ዓይነት ቀለም። «በኋላ ጠይቀኝ» የሚል ሦስተኛ አዝራር እንዲጨመር ተጠይቄ አልጨመርሁም፤ ሰውን እስኪሰለች መጠየቂያ መንገድ ነውና። ሳይመልስ ካለፈው ጥያቄው ወደ ቅንብር ገጹ ይገባና እዚያው ይቀመጣል። «አይ» ያለ ሰው ዳግመኛ አይጠየቅም፣ የሪፖርቱ ስሪት ቢቀየርም። እንደገና የሚጠየቀው «አዎ» ያለው ብቻ ነው፤ እስኪመልስም መላኩ ይቆማል።

ፈቃዱ በዳታቤዙ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ በቅንብር ፋይሉ ውስጥ አይደለም። ምክንያቱ ያው ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው የዶከር ፋይል ነው። በቅንብር ፋይል በኩል ሊነገር የሚችለው «አይ» ብቻ ነው፤ እርሱም ከዳታቤዙ «አዎ» ይበልጣል። እምቢታ ሊገለበጥና ሊወረስ ይችላል፣ ፈቃድ ግን አይችልም።

ክፍት ነባሪ ይሁን ይል የነበረው ባልደረባዬ ኮዱን አንብቦ አጸደቀ። ቁጥራችን ትንሽ እንደሚሆን ደግሞ ተናገረ፤ ትክክል ነው፣ ትንሽ ይሆናል።

ታኅሣሥ

ተቀባዩን ሰርቨር አዘጋጀሁ። የድር ሰርቨር ሶፍትዌራችን ኤንጂንኤክስ ለዚያ አድራሻ የመዳረሻ መዝገብ አይጽፍም። ይህን ብቻ ማድረግ አይበቃም፤ ስሕተት ሲፈጠር የሚጻፈው መዝገብ የጠያቂውን አይፒ ይዞ ይቀራል፣ ስለዚህ እርሱም ለዚህ አድራሻ ወደማያስቀምጥ ቦታ ተመራ። ከፊቱ ጥያቄዎችን በመካከል ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሌላ የማፋጠኛ አገልግሎት አላስቀመጥንም፤ ምን እንደሚመዘግብ ልንቆጣጠረው አንችልምና። የግንኙነቱ አከራይ ድርጅት ግን የትራፊክ መዝገብ ሊኖረው ይችላል፤ ይህን በጥያቄው ገጽ ላይ በግልጽ ጽፈነዋል። ጥሬ ሪፖርቶች ከ13 ሳምንት በኋላ ይጠፋሉ፤ የሚቀረው ሳምንታዊ ድምር ነው፣ እርሱም ለማንም ክፍት ነው።

ኮዱ ተዋሕዷል። ስሪቱ ግን ገና አልወጣም። የጥያቄው ገጽ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጠናቋል፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ግን ረቂቅ ብቻ አለ፤ ሁለት በጎ ፈቃደኞች እያዩት ነው። የቀረው የሶፍትዌሩ ክፍል ሳይተረጎም ቢወጣ ግድ የለም፣ እስከ ዛሬም እንዲያ ነው የወጣው። ይህ ገጽ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። የማያነብበትን ቋንቋ አይቶ አዝራር የሚጫን አስተዳዳሪ ምን እንደፈቀደ አያውቅም። እስኪያልቅ ድረስ በእነዚያ ሁለት ቋንቋዎች የሚሠራ ሰርቨር ጥያቄውን እንዳያሳይ አንድ ቅድመ ሁኔታ ጨምሬ ላክሁ፤ ግምገማው ሐሙስ ነው።